የመሥሪያ ቤት ገንዘብ በሠራተኛ ኪስ



መሐንዲሶች ስለ ገንዘብ አያያዝ ሲነገር ጕዳዩን የሒሳብ ክፍል ድርሻ አድርገው የመመልከት ልማድ አላቸው። ዕቃ ግዥው የዘገየ እንደ ሆነ ያጕረመርማሉ፤ ደረሰኝ አምጡ የተባሉ እንደ ሆነ ደግሞ ይበሳጫሉ። ይሁን እንጂ በማናቸውም የመስክ ሥራ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ ይዞ የሚንቀሳቀሰው የሒሳብ ሹሙ አይደለም። መሐንዲሱ፣ ቴክኒሺያኑና ሾፌሩ ናቸው። ከሜዳ ሲመለሱ የሚጠየቁትም እነርሱው ናቸው። እንግዲህ የሚጠየቁበትን ደንብ ሲወጣ ሳያዩት፣ ሲረቀቅም ሐሳብ ሳይሰጡበት መቅረታቸው ተገቢ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በበለጸጉት አገሮች ይህ ጕዳይ የሚታወቀው ለሠራተኛ በሚሰጥ የድርጅት ክሬዲት ካርድ ስም ነው። በእኛ አገር ባንኮች የሚሰጧቸው ካርዶች አብዛኛዎቹ በባንክ ካለ ተቀማጭ ላይ የሚቀነስባቸው ስለ ሆኑ፣ በድርጅት ስም በብድር የሚገዛበት ካርድ የያዘ የመስክ ሠራተኛ ማግኘት ብርቅ ነው። በዚህ ፈንታ የሚሠራባቸው ለመስክ የሚሰጠው ቅድሚያ ገንዘብ፣ በገንዘብ ያዥ እጅ ያለው የጥቃቅን ወጪ መክፈያ፣ የነዳጅ ኩፖንና፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በእጅ ስልክ የሚፈጸመው ክፍያ ናቸው። መልካቸው ይለያይ እንጂ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የአንዱ ገንዘብ በሌላው እጅ ሲያድር፣ ባለ ገንዘቡም ሳይጐዳ ያዡም ሳይጠረጠር ሥራው እንዴት ይሠራ? የሚል ነው።

ጥያቄው ለእንጦጦ ተራራ እንግዳ አይደለም። እንጦጦ የንጉሥ ምኒልክ መናገሻ በነበረበት ዘመን፣ በ1879 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887)፣ በአገሩ በባለቅኔነት የሚታወቀው፣ በእኛ አገር ግን በጠመንጃ ነጋዴነት የኖረው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከታጁራ በግመል ያስጫነውን ጠመንጃ ለመሸጥ ወደዚህ ወጥቶ ነበር። ላባቱ የተባለው የንግድ ሸሪኩ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ሞቶበታል። ንጉሡ ዕቃውን በጠቅላላው በ14,000 ማርትሬዛ ብር ገዙት፤ ነገር ግን ላባቱ በሕይወቱ ሳለ የነበረበትን ዕዳ ከዋጋው ላይ ያዙ፤ ከተረፈውም የሚበልጠውን በጥሬ ብር ሳይሆን በሐረር ላይ ደጃዝማች መኰንን (በኋላ ራስ) እንዲከፍሉት በሚያዝ ወረቀት ሰጡት። ከዚያ ወዲያ ላባቱ ተበድሮናል የሚሉ ሰዎች ራምቦን እየከበቡ መድረሻ አሳጡት። ማኅተም ያረፈበት የክፍያ ማዘዣ ይዞ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ከተማ መሄድ ካርድ ከመያዝ የሚለየው በቁሱ ብቻ ነው።

ለዛሬው ጕዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የላባቱ ነገር ነው። ሰውየው የንግዱን ገንዘብና የግሉን ገንዘብ ሳይለይ የኖረ ስለ ነበር፣ ሲሞት የትኛው ዕዳ የሸርክናው፣ የትኛው የራሱ እንደ ሆነ የሚያስረዳ ሰው አልተገኘም። ራምቦም በዚያው ዓመት ኤደን ለነበረው የፈረንሳይ ምክትል ቆንሲል በጻፈው ደብዳቤ፣ ሟቹ ትቷቸው የሄደውን የማስታወሻ ደብተሮች ተበሳጭቶ እንዳቃጠላቸው፣ በውስጣቸውም የንብረት ማስረጃ የሆኑ ወረቀቶች ተቀላቅለው እንደ ነበረ ዘግይቶ እንደ ተረዳ ይናገራል። ሰነድ አያያዝን የሚንቅ ሠራተኛ ቢኖር ይህን ታሪክ ቢያነበው ሳይሻል አይቀርም።

ወደ ዘመናችን እንመለስ። ዛሬም መሐንዲሶች ወደ እንጦጦ የሚወጡበት ምክንያት ብዙ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ተራራ ላይ ያለው የጠፈር ምርምር ማዕከል እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይትም ቁጥጥሯ ይካሄድ የነበረው በዚሁ ስፍራ ካለው የምድር ጣቢያ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም መንገዱ፣ መብራቱና የውሃ መስመሩ ባለሙያ ይፈልጋል። እንግዲህ የማናቸውም መሥሪያ ቤት የጥገና ቡድን በአንድ ፒካፕ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል እንበል።

የመጀመሪያው ደንብ የሚገጥመው ገና ከመነሣቱ ነው፤ እርሱም የነዳጅ ልክ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች አንድ መኪና በአንድ ሊትር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለው አንድ ቁጥር ይቈርጣሉ። ለምሳሌ 8 ኪሎ ሜትር ተብሎ ቢቈረጥና የዳገቱ ርዝመት 7 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ለደርሶ መልሱ የሚፈቀደው አንድ ሊትር ከሦስት ሩብ ብቻ ይሆናል። አሁን የመሐንዲስ ሒሳብ እናስላ። ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ወደ ላይ ለመነሣት ብቻ 12.3 ሚሊዮን ጁል ያህል ጕልበት ይፈጃል። በአንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ 36 ሚሊዮን ጁል ገደማ ቢኖርም ሞተሩ ለጎማው የሚያደርሰው ሩብ ያህሉን ነው ብንል፣ ከፍታው ብቻውን አንድ ሊትር ከሲሶ በላይ ይበላል። መንገዱ ሜዳ ቢሆን ኖሮም የሚፈጀው ነዳጅ በዚህ ላይ ይታከላል። ሲወርድ ሞተሩ ጥቂት ይቈጥባል፤ ነገር ግን ሲወጣ የተከፈለው ጕልበት በፍሬን ሙቀት ሆኖ ይቀራል እንጂ ወደ ታንከሩ አይመለስም። ሁሉም ሲደመር በየምልልሱ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጐድላል፤ በወር 25 ጊዜ የሚመላለስ ሾፌር ከ12 ሊትር በላይ ይጐድለዋል ማለት ነው።

ይህን 12 ሊትር ማን ይክፈለው? ደንቡ ዝም ይላል። ሾፌሩ ከደመወዙ አይከፍለውም፤ ይክፈል ማለትም ግፍ ነው። ስለዚህ ወደ ሱሉልታ ባልሄደበት ቀን ሄድሁ ብሎ በጉዞ መዝገቡ ላይ ይጽፋል፤ አለዚያም የኪሎ ሜትር ቈጣሪውን ገመድ መንቀል ይማራል። በመጀመሪያው ወር የሚሞላው የጐደለውን ብቻ ነው። በሦስተኛው ወር ግን መዝገቡ እንደማይመረመር አውቋልና ከጐደለው አሻግሮ ይሞላል። በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» እየተባለ ሲተረት የሹሙ ስግብግብነት ብቻ የሚወቀስ ይመስላል፤ እንዲህ ያለው ሾፌር ግን ሌብነትን የተማረው ከስግብግብነት ሳይሆን፣ እውነቱን ከጻፈ ከሚከስር ሒሳብ ነው። የነዳጅ ልኩን በየመስመሩ፣ አንድ ቀን መካኒክ አስቀምጦና ታንከር ሞልቶ እየለኩ መወሰን የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ይህንም የሚሠራው የሒሳብ ክፍል ሳይሆን መሐንዲስ ነው።

የነዳጅ አከፋፈል ራሱ በቅርቡ ተለውጧል። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ከሚያዝያ 30 ቀን ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ቀርቶ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ኩፖን ለምደው የነበሩ መሥሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ደንባቸውን ሳይለውጡ ገንዘቡን በሾፌሩ የግል ስልክ ላይ ወደ መላክ ዞሩ። ነገሩ ቀላልና ፈጣን መስሎ ታያቸው። እዚህ ላይ ግን የላባቱ ጣጣ እንደ ገና ተመልሶ መጥቷል። በአንድ የስልክ ሒሳብ ውስጥ የሾፌሩ ደመወዝ፣ እናቱ ከገጠር የላከችለት፣ ዕቁቡና የመሥሪያ ቤቱ ነዳጅ አብረው ይተኛሉ። ሾፌሩ ልጁ ታማበት ሌሊት መድኃኒት ቢገዛና ጠዋት ቢተካው፣ ሠረቀ ይባላል ወይስ ተበደረ? ሳይተካው ስልኩ ቢጠፋስ? ሥራ ለቆ ቢሄድስ? ሾፌሩ ቢሞትና ወራሾቹ በስልኩ ያለው ገንዘብ የአባታችን ነው ቢሉ፣ መሥሪያ ቤቱ በምን ማስረጃ ይከራከራል?

ኩፖኑ ጕድለት ነበረበት፤ ተሸጦ ይበላ ነበር። ሆኖም አንድ በጎ ነገር ነበረው፤ በላዩ የተጻፈው ነዳጅ ብቻ ስለ ነበር ከማንም ደመወዝ ጋር አይቀላቀልም። የስልኩ ክፍያ ደግሞ ጊዜውንና ቦታውን፣ ከፋዩንና ተቀባዩን መዝግቦ የሚያስቀር ስለ ሆነ ከኩፖን የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል። ሁለቱን በጎ ነገሮች ማጣመር የሚቻለው ክፍያው ከመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ በቀጥታ ለማደያው ሲፈጸም ብቻ ነው። ይህ በማይቻልበት ጊዜ፣ በመሥሪያ ቤቱ ስም የተመዘገበ የስልክ ቁጥር ለየመኪናው ወጥቶለት፣ ስልኩም እንደ መኪናው ቁልፍ በፊርማ የሚወጣና የሚገባ ይሁን። ማታ የሚመለስ ስልክ የግል ወሬ አይወራበትም፤ የልጅ ፎቶግራፍም አይቀመጥበትም። ይህ ለአንዳንዶች ትንሽ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። የአንድ ርካሽ ስልክ ዋጋ ግን ከአንድ ክርክር ወጪ እጅግ ያንሳል።

ከነዳጅ ቀጥሎ የሚመጣው የደረሰኝ ነገር ነው። ቡድኑ ተራራው ላይ ደርሶ የባትሪ ሣጥን ከመኪና መንገድ ወዲያ ማሻገር ቢያስፈልገው ሁለት ወጣት ተሸካሚዎችና አንድ አህያ ይቀጥራል። ገመድ ቢበጠስበት ከሽሮ ሜዳ ገበያ ሜዳ ላይ ዘርግታ ከምትሸጥ ሴት ይገዛል። እነዚህ ሰዎች የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የላቸውም። ደንቡ ደግሞ «ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ የወጣ ወጪ አይወራረድም» ይላል። ቴክኒሺያኑ ምን ያደርጋል? ከማያውቀው ሱቅ ያልገዛውን ዕቃ ደረሰኝ ይገዛል። ለ300 ብር ተሸካሚ ሲል የ300 ብር ምስማር ደረሰኝ ያቀርባል፤ ሒሳብ ክፍሉም ተደስቶ ይመዘግባል። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀም በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑን ሁለቱም ልብ አይሉትም። በዚህ ዓይነት፣ ሐቀኛውን ወጪ የሚከለክል ደንብ ሐሰተኛውን ሰነድ ያስገባል። መጠኑ የተወሰነ፣ ሥራው የተገለጸ፣ የተቀባዩ ስምና ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያረፈበት፣ ሁለተኛ ሠራተኛም የመሰከረበት የክፍያ ማረጋገጫ ወረቀት ከሐሰተኛ ደረሰኝ ይበልጣል። በእንዲህ ያለ ሰነድ ላይ ታክስ ሰብሳቢው ወጪውን አልቀበልም ቢል እንኳን፣ መሥሪያ ቤቱ ጥቂት ታክስ ይከፍላል እንጂ ሠራተኛውን ወደ ወንጀል አይገፋም።

ከአገር ውጭ የሚከፈለው ወጪ ሌላ መልክ አለው። የመለኪያ መሣሪያ የሚሠራበት ፕሮግራም የዓመት ክፍያ ሲደርስ ወይም አነስተኛ መለዋወጫ ሲያስፈልግ፣ ሻጩ የሚቀበለው ካርድ ብቻ ይሆናል። መሐንዲሱም ዋሽንግተን ላለች እኅቱ ደውሎ በካርዷ ታስከፍልለታለች፤ ብሩን እዚህ ለቤተ ዘመድ ይሰጣል። ሥራው አልቆመም፤ ዳሩ ግን ፕሮግራሙ የተመዘገበው በእኅቲቱ ስም ነው፤ ደረሰኙ የርሷ ነው፤ ምንዛሪውም በየትኛው ቀን ዋጋ እንደ ተሰላ የሚያውቀው መሐንዲሱ ብቻ ነው። ይህን ሠራተኛ ለትጋቱ ማመስገን ይገባል፤ እንዲህ ያለውን አሠራር ግን ማስቀጠል አይገባም። የዓመቱ የውጭ ክፍያዎች አስቀድመው ተዘርዝረው በባንክ በኩል እንዲያልፉ ማድረግ አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም የሚታወቅ ወጪ ድንገተኛ ሆኖ መምጣት የለበትም።

ካርዱን ከኛ ቀድመው የለመዱት አገሮች ምን ገጠማቸው? ስዊድናዊቷ ሞና ሳሊን በ1995 (በእነርሱ አቆጣጠር) ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ታጭተው፣ በመንግሥት ካርድ የግል ዕቃ፣ ከዕቃውም ውስጥ ቶብለሮን የተባለ ቸኮላት መግዛታቸው ስለ ተጋለጠ ከዕጩነት ለመውጣት ተገደዱ። ገንዘቡን መልሰው ከፍለው ነበር፤ ግን የሁለት ኪስ መቀላቀል ራሱ በቂ ነቀፋ ሆነባቸው። በአሜሪካ ደግሞ በ2001 የምክር ቤቱ የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት ሳንዲየጎ ያሉ ሁለት የባሕር ኀይል ክፍሎችን መርምሮ፣ ትልቁ ችግር ደንብ አለመኖሩ ሳይሆን ደንቡን የሚያስፈጽሙት ኀላፊዎች ወርኀዊውን ዝርዝር ሳያነቡ ማጽደቃቸው መሆኑን አገኘ፤ አንድ ሰው መርምሮ ከሚዘልቀው እጅግ የበዛ ካርድ ያዥ ለአንድ ኀላፊ ተሰጥቶ ነበር። በቅርቡም፣ በየካቲት 2017 ዓ.ም.፣ የዚያው አገር መንግሥት የፌዴራል ሠራተኞችን ካርዶች ለ30 ቀን አገደ፤ የብዙዎቹም ወሰን ወደ አንድ ዶላር ዝቅ ተደረገ። ብክነትን ለመግታት የታሰበ ነበር። ውጤቱ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ተራ ዕቃ መግዛት የማይቻልበት ጊዜ መፍጠር ሆነ። ልቅነትም፣ በጅምላ ማገድም፣ ከየግዢው ፊት ለፊት ቆሞ የሚመረምር ሰው አለመኖሩን የሚሸፍኑ ሁለት መንገዶች ናቸው።

በአገራችንም በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚቀርበው የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርት ውስጥ በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሒሳብ የማይጠፋ ርእስ ነው። ይህን ለመከላከል አንዳንድ ድርጅቶች በደንባቸው ላይ «በ7 ቀን ውስጥ ያላወራረደ ሠራተኛ ሙሉ ገንዘቡ ከደመወዙ ይቈረጣል» ብለው ይጽፋሉ። ይህ አንቀጽ ለማስፈራራት ካልሆነ በቀር አይሠራም። በአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሕግ ወይም የኅብረት ስምምነት ካልፈቀደ፣ ፍርድ ቤት ካላዘዘ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ደመወዝ አይቈረጥም፤ ተቈራጩም ቢሆን ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ የሠራተኛው ስምምነት መወሰድ ያለበት ገንዘቡን ሲረከብ ነው፤ የገንዘቡም ልክ በሁለት ወይም በሦስት ወር ሢሶ ደመወዝ ሊተካ ከሚችለው ባይበልጥ ይመረጣል። የ6,000 ብር ደመወዝተኛ 80,000 ብር አስይዞ ወደ ዳገት መላክ በርሱም በመሥሪያ ቤቱም ላይ መፍረድ ነው።

ከዚህ ሌላ፣ በብዙ ደንቦች ውስጥ ስለ ማወራረጃው ቀን እንጂ ስለ መቀበያው ሰው አይነገርም። ሠራተኛው ዓርብ ማታ ከተራራ ወርዶ ሰነዱን ቢያቀርብ፣ ሒሳብ ክፍሉ ሰኞ ስብሰባ ላይ ነው፤ ማክሰኞ ፊርማ ያጣል፤ ረቡዕ ቡድኑ እንደ ገና ይወጣል። በመዝገቡ ላይ ግን ዘገየ የሚባለው እርሱ ነው። ሰነድ የተቀበለ ሰው የተቀበለበትን ሰዓት ጽፎ ቅጂ እንዲሰጥ የሚያስገድድ አንድ መስመር በደንቡ ቢገባ፣ የመስክ ሠራተኞች ከሚያቀርቧቸው አቤቱታዎች ግማሹ ሳይነሣ በቀረ። እንዲሁም ዕቃ ገዝቶ የመጣው ሰው ራሱ ዕቃውን ወደ መጋዘን አስገባሁ ብሎ መፈረም የለበትም፤ በሞዴል 19 የሚረከበው ሌላ፣ በሞዴል 22 ወጪ የሚያደርገው ሌላ መሆኑ ድሮም የታወቀ ነው። ዕቃው በቀጥታ ከገበያ ወደ ተራራ የሄደ እንደ ሆነ ግን ይህ ሥርዓት ይረሳል። በዚያን ጊዜ የቡድኑ ሁለተኛ ሰው ዕቃው የተገጠመበትን ቦታ፣ ቀንና ብዛት ጽፎ ቢፈርምና የወጣውን አሮጌ ዕቃ ይዞ ቢመለስ በቂ ማስረጃ ይሆናል። አሮጌውን መመለስ በተለይ ለባትሪና ለጎማ ግዴታ ይሁን።

የቀረው የፈቃድ ነገር ነው። ከተወሰነ መጠን በላይ ለሆነ ወጪ ኀላፊው አስቀድሞ ይፍቀድ የሚለው ደንብ ትክክል ነው። ሆኖም በተራራው ጀርባ አውታረ መረብ የሚጠፋበት ቦታ አለ፤ ኀላፊውም ስልክ የማያነሣበት ሰዓት አለ። እሑድ ማታ ከቀኑ ጐብኚ ሁሉ ወርዶ መንገዱ ሲጨልም፣ ፓምፕ ቆሞ ውሃ የተቋረጠበት ቡድን እስከ ሰኞ ጠዋት እንዲጠብቅ አይፈረድበትም። በዚህ ጊዜ የቡድኑ መሪ እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ በራሱ ኀላፊነት ከፍሎ በ24 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ደንቡ በግልጽ ይፍቀድለት፤ መጠኑም በቁጥር ይጻፍ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ከገበያው ዋጋ ጋር ይከለስ።